ማን ይቅደም? የድንገተኛ ክፍል ልየታና የነርሶች የግል ጥናት

በአገራችን ወረፋ የፍትሕ መልክ አለው። በዳቦ ቤት ደጃፍ፣ በታክሲ መያዣ፣ በባንክ መስኮት ፊት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ከኋላ መጥቶ ከፊት የሚገባ ቢኖር ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይነሣበታል። ልማዱ መልካም ነው፤ የባለጸጋውንና የድኻውን ደቂቃ እኩል ያደርጋልና። ይሁን እንጂ ይህ ፍትሕ ከደጅ የሚቀርበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። በዚያ ስፍራ ቀድሞ የመጣው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ጎልማሳ፣ ዘግይታ የመጣችው ደግሞ ትንፋሽ ያጠራት ሕፃን ልትሆን ትችላለች። ወረፋው ከተከበረ ሕፃኗ ልትሞት ትችላለች።

ታዲያ ማን ይቅደም? ይህን ጥያቄ በየሰዓቱ የምትመልሰው ብዙውን ጊዜ በበሩ አጠገብ የቆመች ነርስ ናት። ታካሚው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት እርሷ ታየዋለች፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ትለካለች፣ ትጠይቃለች፣ ትወስናለች። ይህ ሥራ በሕክምናው ዓለም «ትሪያጅ» ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም «ልየታ» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን።

ውድ አንባቢያን፣ የፊዚክስ ሰዎች ሆነን ስለ ነርሶች ሥልጠና መጻፋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ትሪያጅን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ከሙያችን የማይርቁ ሦስት ጉዳዮችን እናገኝበታለን፤ የወረፋ ሂሳብ፣ የልኬት ስሕተት፣ እንዲሁም ሰው የተማረውን እንዴት እንደሚያስታውስ የሚመረምር የሙከራ ሳይንስ። ልናሳይ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው። ነርሶች ተረኝነታቸውን ሳይለቁ ትሪያጅን በግል ጥናት መማር ይችላሉ፤ ጥናቱ ግን ማንበብ ብቻ ከሆነ አይበቃም። መወሰንን የሚያስተምር፣ ውሳኔንም የሚለካ ጥናት መሆን አለበት።

ከቡና ለቀማ እስከ ሆስፒታል በር

«ትሪያጅ» መለየት፣ መምረጥ ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የወጣ ቃል ነው። ቃሉ ወደ ሕክምና ከመግባቱ በፊት በሱፍና በቡና ንግድ ውስጥ ያገለግል ነበር። ቡና ለቃሚ ሴቶች በመጋዘን ተቀምጠው የተሰበረውን ከደህናው ሲለዩ ያየ ሰው የቃሉን መነሻ ለመረዳት አይቸገርም። በሆስፒታል ግን የሚለየው ደህናው ከተበላሸው ሳይሆን፣ ሊቆይ የሚችለው ሊቆይ ከማይችለው ነው።

ሐሳቡን ወደ ሕክምና ካመጡት መካከል በታሪክ ጎልቶ የሚነሣው የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነው። ላሬ ቁስለኞች በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት እንዲታከሙ አድርጓል። መኮንኑ ቀላል ጭረት ቢኖረው፣ ተራው ወታደር ግን እግሩ ቢቆረጥ፣ የሚቀድመው ወታደሩ ነው። በዘመኑ ይህ ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ ሆስፒታል በር ላይ ድፍረት ይጠይቃል።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ሁለት ምሳሌዎች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የማላዊ ነው። በብላንታየር ከተማ በሚገኘው በንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል፣ ዶክተር ኤልሳቤጥ ሞሊኑክስና ባልደረቦቻቸው የሕፃናቱን ክፍል አሠራር ለወጡ። ሠራተኞች በትሪያጅና በድንገተኛ ሕክምና ሠለጠኑ፤ የክፍሉ አደረጃጀት ተስተካከለ፤ በተመላላሽና በተኝቶ ሕክምና ክፍሎች መካከል ያለው ትብብር ተጠናከረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ ከለውጡ በፊት ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት መካከል ከ10 እስከ 18 በመቶ ይሞቱ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ቁጥሩ ከ6 እስከ 8 በመቶ ወረደ። ለውጡ ብዙ ክፍሎች ስለነበሩት ውጤቱን ሁሉ ለትሪያጅ ብቻ መስጠት አይገባም። ሆኖም በሽተኛ ሕፃን ለይቶ ማስቀደም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕፃናት የድንገተኛ ልየታና ሕክምና የሥልጠና መመሪያ አሳትሟል።

ሁለተኛው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካ ነው። በኬፕ ታውን አካባቢ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት አዘጋጁ፤ ይህም ኋላ «የደቡብ አፍሪካ የትሪያጅ መለኪያ» ተባለ። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ነርሶችም ራሳቸው የሚሠሩበት በመሆኑ የእኛን ለመሰሉ አገሮች ይስማማል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ስፔሻሊስቶች ቢበዙም የበሩ ሥራ የነርሶች ሆኖ ይቀጥላል።

ጊዜ አይፈጠርም፣ ይከፋፈላል

ሦስት ሕሙማንን በምናባችን እንሣል። አንድ ሐኪም ብቻ አለ፤ እያንዳንዱን ታካሚ ለማየት 20 ደቂቃ ይወስድበታል። መጀመሪያ የመጣው ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክርኑ የተላጠ ወጣት ነው። ሕመሙ ቀላል ነው፤ ነገር ግን «ቀድሜ መጥቻለሁ» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ሁለተኛው በእግሩ ሄዶ የመጣ፣ ደረቱን እንደሚያመው በዝግታ የሚናገር የ58 ዓመት ሰው ነው። ሦስተኛዋ ከወለደች ሳምንት የሆናት እናት ናት። እኅቷ ደግፋ አምጥታታለች፤ ትኩሳት አላት፤ ስትጠየቅ በትክክል ትመልሳለች፤ ከዚያ በቀር ምንም አትናገርም።

እንደ ወረፋው ከሆነ ወጣቱ 0፣ ጎልማሳው 20፣ እናቲቱ 40 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ድምሩ 60 ደቂቃ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እናቲቱን ብናስቀድም እርሷ 0፣ ጎልማሳው 20፣ ወጣቱ 40 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ድምሩ አሁንም 60 ነው። ትሪያጅ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልፈጠረም፤ አላጠፋምም። ያደረገው ነገር ቢኖር መጠበቅን፣ ሊሸከመው ከማይችል ሰው ላይ አንሥቶ ሊሸከመው ወደሚችል ሰው ማዛወር ነው።

ይህ ለሦስት ሰዎች ብቻ የሚሠራ ጨዋታ አይደለም። የወረፋ ሂሳብ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች ሲያጠና ነው። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1965 ሌናርድ ክላይንሮክ፣ ቅድሚያ አሰጣጥን መቀያየር የሥራውን መጠን እስካልቀየረ ድረስ፣ በሥራ ጫና የተመዘነው የመጠበቂያ ጊዜ ድምር እንደማይለወጥ አሳየ። የፊዚክስ ተማሪዎች የኃይል ጥበቃ ሕግን እንደሚያስታውሱ፣ ወረፋም የራሱ የጥበቃ ሕግ አለው።

ሌላም ትምህርት አለ። ታካሚዎች በዘፈቀደ የሚመጡበትን፣ የምርመራውም ርዝመት በዘፈቀደ የሚለያይበትን ባለ አንድ ሐኪም ወረፋ እንውሰድ። ሐኪሙ ከጊዜው ስንት እጅ በሥራ እንደተያዘ በአንድ ቁጥር እንግለጸው። አማካይ መጠበቂያው ያንን ቁጥር ከ1 ላይ በሚቀረው አካፍለን በአማካይ የምርመራ ጊዜ ስናባዛው ይገኛል። ምርመራው በአማካይ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ ሐኪሙ ከጊዜው 50 በመቶ ሲያዝ አማካይ መጠበቂያው 10 ደቂቃ ይሆናል፤ 80 በመቶ ሲያዝ 40 ደቂቃ፤ 90 በመቶ ሲያዝ 90 ደቂቃ፤ 95 በመቶ ሲያዝ 190 ደቂቃ። የሥራው ጫና በጥቂቱ ሲጨምር መጠበቁ በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪም በበዛበት ሆስፒታል የነርሷ የልየታ ስሕተት ጥቂት ደቂቃ ያስከፍል ይሆናል፤ ሐኪም ባነሰበት ሆስፒታል ግን ያው ስሕተት ሰዓታት ያስከፍላል። ትሪያጅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሀብት ባለበት ሳይሆን ሀብት በሌለበት ነው ማለት ነው።

ከቁጥር ወደ ቀለም

ነርሷ ማን እንደሚቀድም በምን ታውቃለች? በጩኸት እንዳይሆን ግልጽ ነው፤ ከሦስቱ መካከል የሚጮኸው ከሁሉ የሚሻለው ወጣት ነበር። የደቡብ አፍሪካው መለኪያ ለአዋቂዎች ሰባት ነገሮችን ይመዝናል። እነርሱም የመንቀሳቀስ ችሎታ፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የልብ ምት፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ንቃተ ኅሊና እና ጉዳት የደረሰበት መሆን አለመሆኑ ናቸው። እያንዳንዱ ከጤነኛው መጠን በራቀ ቁጥር ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቦቹም ይደመራሉ።

በእናቲቱ ላይ እንሞክረው። በድጋፍ መራመዷ 1 ነጥብ ነው። በደቂቃ 22 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ 2 ነጥብ። ልቧ 118 ይመታል፤ 2 ነጥብ። የላይኛው የደም ግፊቷ 96 ነው፤ 1 ነጥብ። ሙቀቷ 38.9 ዲግሪ ነው፤ 2 ነጥብ። ንቁ በመሆኗ 0፣ ጉዳት ስለሌለባትም 0። ድምሩ 8 ነው። በዚህ መለኪያ 7ና ከዚያ በላይ ቀይ ነው፤ ትርጉሙም «አሁኑኑ» ማለት ነው። 5 እና 6 ብርቱካናማ ሲሆን በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ 3 እና 4 ቢጫ ሲሆን በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ከ2 በታችና 2 አረንጓዴ ሲሆን በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ወጣቱ ትንፋሹ 18 በመሆኑ 1፣ ስለ ተጎዳ ደግሞ 1፣ በድምሩ 2 ነጥብ ያገኛል፤ አረንጓዴ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ከእናቲቱ ልኬቶች አንዱንም ብቻውን ያየ ሰው አይደነግጥም። ትኩሳት በየቤቱ አለ፤ 96 የደም ግፊት ያላት ጤነኛ ሴትም አትጠፋም። አደጋው የሚታየው ትንንሾቹ ምልክቶች በአንድነት ሲደመሩ ነው። ለዚህ ሌላ ማረጋገጫም አለ። የልብ ምትን ለላይኛው የደም ግፊት ብናካፍል «የሾክ ጠቋሚ» የሚባል ቁጥር እናገኛለን፤ አልጎቨርና ቡሪ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት ነው። በጤነኛ አዋቂ ከ0.5 እስከ 0.7 አካባቢ ይሆናል። የእናቲቱ 118 ለ96 ሲካፈል 1.23 ይመጣል። ልቧ እየፈጠነ ግፊቷ ግን እየወረደ ነው፤ ሰውነቷ የደም ዝውውሩን ለማቆየት በሙሉ አቅሙ እየታገለ መሆኑን ያሳያል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ እንዲህ ያለ ትኩሳት ወደ ደም የተዛመተ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አርባ ደቂቃ መጠበቅ ለእርሷ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረቱን የሚያመው ጎልማሳስ? ትንፋሹ 18፣ ልቡ 96፣ ግፊቱ 134፣ ሙቀቱ 36.8 ነው፤ በእግሩ ይሄዳል፤ ንቁ ነው። ድምሩ 1 ብቻ ስለሆነ በቁጥሩ መሠረት አረንጓዴ ሊሆን ነው። ነገር ግን መለኪያው ከነጥቦቹ ጎን አንድ ዝርዝር ይዟል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለ ምልክት የታየበት ታካሚ ነጥቡ ቢያንስም ወደ ላይ ይወጣል። የደረት ሕመም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ጎልማሳው ብርቱካናማ ይሆናል። ልብ ድካሙን በቁጥር ከመግለጡ በፊት በሕመም ሊናገር ይችላልና። ቁጥር አገልጋይ ነው እንጂ ጌታ አይደለም።

መለኪያውም ስሕተት አለው

በቤተ ሙከራችን ለተማሪዎች ዘወትር የምንነግረው አንድ ነገር አለ፤ ስሕተቱ ያልተገለጸ ልኬት ልኬት አይደለም። ይህ በድንገተኛ ክፍልም እውነት ነው። ትንፋሽ ለ15 ሰከንድ ተቆጥሮ በ4 ቢባዛ፣ በአንድ ትንፋሽ መሳሳት በደቂቃ 4 ትንፋሽ መሳሳት ነው። ለ30 ሰከንድ ሲቆጠር ስሕተቱ 2፣ ለሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር 1 ይሆናል። በመለኪያው 20 ትንፋሽ 1 ነጥብ፣ 21 ደግሞ 2 ነጥብ ነው። በ15 ሰከንድ የሚቆጥር ሰው 21ን ከቶ ሊያገኝ አይችልም፤ ወይ 20 ወይ 24 ያገኛል። ጠቅላላ ነጥቡ በእውነት 5 የሆነ ታካሚ በዚህች አንዲት ነጥብ ምክንያት ወደ 4 ቢወርድ፣ የሚፈቀድለት መጠበቂያ ከ10 ደቂቃ ወደ 60 ደቂቃ ይዘላል። አርባ አምስት ሰከንድ ለማትረፍ ተብሎ ሃምሳ ደቂቃ ይከፈላል።

በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም፣ ማለትም ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ከፊዚክስ የተወለደ መሣሪያ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው መርሕ ይህን ይመስላል። መሣሪያው 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር የሆነ ታሕተ ቀይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢንና ያልያዘው ሁለቱን ብርሃናት በተለያየ መጠን ይመጣሉ። ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን የብርሃን ክፍል ብቻ በመውሰድ የደም ቧንቧውን ደም ከሥጋና ከቆዳ ይለያል። ስለዚህ ጣቱ ቀዝቅዞ የደም ምቱ ከደከመ፣ ወይም ጥፍሩ በጥቁር ቀለም ከተቀባ፣ የሚወጣው ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናትም፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ በደም ምርመራ ግን የኦክስጅን ማነስ የተገኘባቸው ሕሙማን በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዙ አሳይቷል። ይህ በእኛ አገር ለምትሠራ ነርስ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቁጥሩ ደህና፣ ታካሚው ግን ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ፣ መታመን ያለበት ታካሚው ነው።

ማንበብ መማር ነውን?

እስካሁን የገለጽነውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሥልጠና ማስተማር ይቻላል። ችግሩ ሳምንቱን ማግኘት ነው። አሥር ነርሶች ለሥልጠና ሲወጡ ክፍሉን የሚሸፍን ሌላ አሥር ነርስ የለም። ሠልጥነው የተመለሱትም ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ነርሷ መላክ፣ እርሷም በተረኝነቷ መካከልና በቤቷ እንድታጠና ማድረግ ተግባራዊ መንገድ ነው። ጥያቄው እንዴት ታጥና የሚለው ነው።

አብዛኞቻችን ስናጠና ደጋግመን እናነባለን፤ በቀለምም እናሰምራለን። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ልማድ ፈተኑት። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከፊሉ ያንኑ ደግሞ አነበበ፤ ከፊሉ ግን ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ማንበብ ያሸነፈ ይመስላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ላይ ቀሩ።

የዚህ ሙከራ ትምህርት ጥልቅ ነው። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜትን ይሰጣል፤ ስሜቱም ጽሑፉን በዘጋንበት ደቂቃ እውነት ነው። ድንገተኛ ታካሚ ግን ጽሑፉ በተዘጋ ደቂቃ አይመጣም፤ ከሳምንትና ከወር በኋላ፣ በሌሊት ተረኝነት፣ ነርሷ በደከመችበት ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ በጥናቱ መካከል እውቀቱን ከአእምሮ ማውጣት መለማመድ ያስፈልጋል።

ሃምሳ ካርዶች

ለዚህ ኮምፒዩተርም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሃምሳ የወረቀት ካርዶች ይበቃሉ። በካርዱ ፊት የአንድ ታካሚ ታሪክና ልኬቶች ይጻፋሉ፤ በጀርባው ነጥቡ፣ ቀለሙና ምክንያቱ። ታሪኮቹ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ተደርገው ከራሱ ከሆስፒታሉ ሊወጡ ይችላሉ፤ መልሶቹን ግን ልምድ ያለው ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት። ያልተረጋገጠ መልስ ያለው ካርድ ስሕተትን በትጋት ያስተምራል።

አጠቃቀሙ ሦስት ደንቦች አሉት። አንደኛ፣ ነርሷ ካርዱን ከመገልበጧ በፊት ቀለሙንና አንድ መስመር ምክንያት በወረቀት ላይ ትጻፍ። በልብ የተያዘ መልስ ከተገለበጠ በኋላ «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብሁት» ለማለት ይመቻል፤ የተጻፈ መልስ ግን አይመችም። ሁለተኛ፣ ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳስተዋወቀው፣ ካርዶቹ በሳጥኖች ይከፈሉ። የተሳተችው ካርድ በማግሥቱ ትመለስ፤ የተመለሰችው ከሦስት ቀን፣ ከዚያም ከሳምንት፣ ከዚያም ከወር በኋላ ትታይ። ሦስተኛ፣ ሰዓት ይያዝ። ያለ ጊዜ ገደብ ትክክል መሆን ሌላ ችሎታ ነው፤ በበሩ ላይ የሚፈለገው ግን በጥቂት ደቂቃ ትክክል መሆን ነው።

ቀጥሎ ውጤቱ ይለካ። አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ሁለት ነርሶች ለየብቻቸው ሃምሳውን ካርዶች «መቆየት የማይችል» እና «መቆየት የሚችል» ብለው ለዩ። እያንዳንዳቸው 10 ካርዶችን «መቆየት የማይችል» አሉ። በ40 ካርዶች ተስማሙ። 80 በመቶ ስምምነት! የሚያስደስት ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ካርዶቹን ሳያነቡ በዘፈቀደ 10፣ 10 ቢመርጡ እንኳ በአማካይ 68 በመቶ ይስማሙ ነበር፤ 0.2 በ0.2 ተባዝቶ ከ0.8 በ0.8 ጋር ሲደመር 0.68 ነውና። ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው «ካፓ» የተባለ መለኪያ ይህን የዕድል ስምምነት ይቀንሳል። 0.80 ሲቀነስ 0.68 ለ1 ሲቀነስ 0.68 ሲካፈል 0.375 ይመጣል። ከዕድል በላይ ሊገኝ ከሚችለው ስምምነት ከግማሽ ያነሰ ነው። በግልጽ ቋንቋ ስንናገር፣ አንዷ ነርስ አደገኛ ካለቻቸው አሥር ሕሙማን መካከል ሁለተኛዋ አምስቱን ብቻ አደገኛ ብላለች። የአምስቱ ዕጣ በማን ተረኝነት እንደመጡ ይወሰናል።

ስሕተቶችም እኩል አይደሉም። አረንጓዴውን ቀይ ማለት አልጋና ጉልበት ያባክናል፤ ቀዩን አረንጓዴ ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአደጋ ጉዳተኞች ባወጣው መመሪያ ዝቅ አድርጎ መለየት ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያሳስብ፣ ከፍ አድርጎ መለየት ግን ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢደርስ ይታገሣል። ስለዚህ ነርሷ «ከሃምሳው አርባ አምስት አገኘሁ» ብላ እንዳትረካ፣ የቀሩት አምስት ወደየት አቅጣጫ እንደተሳቱ በሠንጠረዥ ትመዝግብ። አምስቱም ወደ ታች ከሆኑ ጥናቱ ገና አልተጀመረም።

ወረቀት የማያስተምረው

የግል ጥናት ወሰን አለው። የሕፃን ጥፍር ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆይቶ ቢመለስ አደገኛ ምልክት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ማስታወስ ይቻላል፤ በእጅ ሳይሞከር ግን አይለመድም። የሕፃን ማቃሰት ድምፅ፣ የመዳፍ መገርጣት፣ የደረት ወደ ውስጥ መጎድጎድ በጽሑፍ አይታዩም። ስለዚህ ካርዶቹን የጨረሰች ነርስ ከአንዲት ልምድ ካላት ባልደረባ ጎን ቆማ ሕያዋን ሕሙማንን ትለይ፤ ሁለቱ ለየብቻ ቀለም ጽፈው ያነጻጽሩ። የተለየ ታካሚም እንደገና ይታይ፤ በ3 ሰዓት ቢጫ የነበረ በ4 ሰዓት ቀይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ወሰን የነርሷ አይደለም። ነርሷ ቀይ ብላ የለየቻትን እናት የሚቀበል ሐኪምና አልጋ ከሌለ፣ ወይም ተቆጪ አስታማሚና ባለጉዳይ የነርሷን ውሳኔ የሚያስለውጥ ከሆነ፣ ቀለሙ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሆስፒታሉ ጥናቱን ለነርሷ ትቶ ሥልጣኑን ለሌላ ሊሰጥ አይገባም። አስታማሚዎችም ኋላ የመጣው ለምን እንደቀደመ በበሩ ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ ሊያነቡት ይገባል።

ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ሙከራ እንተው። ሁለት ሆናችሁ የአንድ ጓደኛችሁን ትንፋሽ ለ15፣ ለ30 እና ለ60 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ወደ ደቂቃ ለውጡና አነጻጽሩ። ከዚያም ጓደኛችሁ እንደምትቆጥሩት ሳያውቅ ድገሙት፤ ልምድ ያላቸው ነርሶች የልብ ምት እንደሚቆጥሩ ሆነው የታካሚውን እጅ ይዘው ትንፋሹን የሚቆጥሩት ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር ነው። ቁጥሮቻችሁ ምን ያህል እንደሚራራቁ ስታዩ፣ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመችው ነርስ የምትሠራው ሥራ ከባድ ልኬት መሆኑን ትረዳላችሁ። ከእናንተም ብዙዎች ነገ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ሙሉውን ደቂቃ ቁጠሩ።